ደላላው የሚታዘዘው ለማን ነው? የቤት ኪራይ ኮሚሽን ክርክር ከነመልሶቹ

መነሻ

ስለ ቤት ደላላ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ሰውየው ጠባይ ነው። እገሌ አታላይ ነው፣ እገሌ ደግሞ ፈጣሪውን የሚፈራ ነው ይባላል። እኔ ችግሩ ከጠባይ በፊት ከአከፋፈሉ ይጀምራል ባይ ነኝ። በብዙ ትልልቅ ከተሞች አፓርታማ ሲከራዩ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ደላላው ግን ቤቱን ያገኘው ከአከራዩ ነው፤ ቁልፉን የያዘው በአከራዩ ፈቃድ ነው፤ ነገ ሌላ ቤት የሚሰጠውም አከራዩ ነው። ተከራይ አንዴ ከገባ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ደላላውን አይፈልገውም። ሦስት አራት ቤት ያለው አከራይ ግን በየጊዜው ይደውላል። የሁለቱ ጥቅም ሲጋጭ ደላላው ወደ ማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው።

ኮሚሽኑ በኪራዩ ልክ ስለሚሰላ፣ ኪራዩ ከፍ ባለ ቁጥር የደላላው ድርሻም ከፍ ይላል። ከዚያ ይበልጥ የሚያጓጓው ግን ውሉ ዛሬውኑ መፈረሙ ነው። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ፣ ሌሊት የሚረብሸውን ጎረቤት፣ ያለፈው ተከራይ ለምን እንደወጣ አንስቶ ውሉን የሚያዘገይበት ምክንያት የለውም። ሐቀኛውም ደላላ ቢሆን በዚህ መሀል ተወጥሮ ነው የሚውለው።

አቋሜ አጭር ነው፤ ደላላውን የጠራው ይክፈል። አከራይ ተከራይ እንዲፈለግለት ካዘዘ አከራይ፣ ተከራይ ቤት እንዲፈለግለት ካዘዘ ተከራይ። ትስማማላችሁ? ይህን የሚደነግግ ሕግ በሌለበት ከተማ የምትኖሩስ፣ ከደላላ ጋር ስትነጋገሩ ምን ብታደርጉ ተሳካላችሁ?

የመጡትን መልሶች እንደ አመጣጣቸው ከዚህ በታች አቅርቤአለሁ። የእኔንም አስተያየት እዚያው እዚያው ጨምሬበታለሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ በትሕትና ተስማምታ ጀመረች። በሥራ ምክንያት ከተማ ስትቀያይር ኖራለች። ኮሚሽን መክፈሉ እንዳልከበዳት፣ የከበዳት ስንት እንደሚከፈልና ለምን እንደሚከፈል ከመጀመሪያው አለማወቋ እንደነበረ ጻፈች። ቤት ለማየት የከፈለችው ገንዘብ ከኮሚሽኑ ላይ የሚታሰብ መስሏት ነበር፤ ውል ልትፈርም ስትቀመጥ ግን የማሳያው ለብቻው እንደሆነ ተነገራት። ከዚያ ጥሩ ጥያቄ ጣለች፦ አከራዩም ተከራይዋም በየፊናቸው ያንኑ ደላላ ቢጠሩትስ?

2. ጀርመን የሚኖር ወንድም ለእሷ ጥያቄ የዚያ አገር ሕግ መልስ እንደሰጠበት አስረዳ። እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2015 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ደላላ ከተከራይ ኮሚሽን መቀበል የሚችለው፣ ተከራዩ በጽሑፍ ሲያዘውና ደላላውም ያንን ቤት ያፈላለገው ለእሱ ትእዛዝ ሲል ብቻ ከሆነ ነው። አስቀድሞ በእጁ የነበረን ቤት አሳይቶ ተከራይን ማስከፈል አይፈቀድለትም። እንግዲህ ሁለቱም በጠሩት ጊዜ ቤቱን ያስመዘገበው አከራይ ቀድሟልና ከፋዩ እሱ ነው። ከዚህ ሕግ በፊት ተከራይ እስከ ሁለት ወር ኪራይ፣ በላዩም ተጨማሪ እሴት ታክስ ሊጠየቅ ይችል ነበር። ደላሎች በሥራ ነፃነታችን ላይ ተመጣብን በሚል እስከ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው።

ይህን መልስ ሁለቴ አነበብኩት። እኔ በግምት ያልኩትን አንድ አገር ሕግ አድርጎ፣ በፍርድ ቤት ተሟግቶበት አጽንቶታል።

3. እዚያው አገር የምትኖር ሌላ ሰው ግን ነገሩ ያን ያህል የጠራ አለመሆኑን በጨዋ ቃል አረመች። ኮሚሽኑ ሲከለከል በሌላ በር የገባ ነገር እንዳለ ጻፈች። ለቃቂው ተከራይ ወይም አከራዩ ያረጀውን የወጥ ቤት ቁምሳጥንና መጋረጃ በአዲስ ዕቃ ዋጋ ካልገዛችሁ ቤቱ አይሰጣችሁም የሚል ጫና ያሳድራል። ሕጉ ዋጋው ከዕቃው ጋር ጨርሶ ካልተመጣጠነ ትርፉ ተፈጻሚነት እንደሌለው ይደነግጋል። ሆኖም ቤት አጥቶ የተጨነቀ ሰው መጀመሪያ ይከፍላል፣ መብቱን የሚያስበው ከገባ በኋላ ነው። እሷ የምትመክረው ከመግዛት በፊት ዕቃውን ፎቶ ማንሳትና ዋጋውን ዘርዝሮ ማስፈረም ነው።

4. አንዲት አከራይ እናት ገቡ። በዕድሜ የገፉ እንደሆኑ፣ ኑሯቸውም በአንዲት በሚያከራይዋት ቤት ላይ የተንጠለጠለ እንደሆነ ገለጹ። ሐሳባቸው ግልጽ ነው፤ ኮሚሽኑን እኔ ልክፈል ብል እንኳ በኪራዩ ላይ ጨምሬ ከተከራዩ መውሰዴ አይቀርም፣ ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው የሚል ነው። በዚያ ላይ ደላላ የሚፈልጉት ተከራይ ለማግኘት ብቻ እንዳልሆነ አከሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ በየቀኑ የማያውቁት ሰው በር እንዲያንኳኳባቸው አይፈልጉም።

5. ለእሳቸው የመጣው መልስ በክሩ (በዚህ የመልሶች ሰንሰለት) ውስጥ ካሉት ሁሉ ይበልጥ የታሰበበት ነው። ጸሐፊው በአክብሮት ስሌት ሠራላቸው። ኮሚሽኑ የአንድ ወር ኪራይ ነው እንበል። አከራይ ያንን ለ24 ወር ቢያካፍሉት ኪራዩ የሚጨምረው 4 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ አሠራር በ12 ወር የሚለቅ ተከራይ የኮሚሽኑን ግማሽ ይከፍላል። አራት ዓመት የሚቆየው ግን፣ ጭማሪው ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተነሳለት፣ የኮሚሽኑን እጥፍ ከፍሎ ይወጣል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ለሚለቅ ሰው የጠራው ይክፈል የሚለው ሐሳብ ይጠቅማል፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ግን ሊጎዳ ይችላል ብሎ ደመደመ። አከራይ ጭማሪውን ማሳለፍ የሚችሉትም ጎረቤት ያለው ተመሳሳይ ቤት በአሮጌው ዋጋ ካልቀረበ ብቻ መሆኑን አስታወሰ።

ስሌቱን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ግን ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል። አንደኛው፣ ተከራይ በመግቢያው ቀን የመጀመሪያ ወር ኪራይ፣ ቅድመ ክፍያ፣ መያዣና የዕቃ ማጓጓዣ በአንድ ላይ ማሟላት አለበት። በዚያ ላይ ኮሚሽን ሲደረብ ብዙ ሰው የሚበደረው ለዚያች ሳምንት ነው። ያው ገንዘብ በየወሩ ተከፋፍሎ ቢመጣ መሸከም ይቻላል። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ አከራይ ደላላ ይመርጣል። አንዱ ቢወደድበት ሌላውን ይጠራል። ተከራይ ግን የወደደውን ቤት የያዘው ደላላ አንድ ነውና የሚከራከርበት አቅም የለውም። መምረጥ የሚችል ሰው ሲከፍል ክፍያው ይወርዳል።

6. ኒው ዮርክ የሚኖር ወንድም ይህንኑ በራሱ ከተማ ሕግ ደገፈው። እዚያ ደላላው የአከራይ ሆኖ ሳለ ተከራይ ከዓመቱ ኪራይ 12 ወይም 15 በመቶ መክፈሉ የተለመደ ነበር። 15 በመቶ ማለት ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ኪራይ ነው። የከተማው ምክር ቤት በኖቬምበር 2024 ባጸደቀውና ከጁን 11 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ ግን ደላላውን የቀጠረው ይከፍላል። በአከራዩ ፈቃድ የቤቱን ማስታወቂያ ያወጣ ደላላ የአከራዩ ደላላ እንደሆነ ይቆጠራል። ተከራይ የሚከፍለው ሌላ ነገር ካለም ከማስታወቂያው ጀምሮ ተዘርዝሮ መታየት አለበት። ይህ ወንድም በጣም የወደደው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ክልከላው ባይኖር እንኳ አስቀድሞ መነገሩ ብቻ ብዙ ጠብ ያስቀራል ባይ ነው።

7. እዚህ ላይ አንድ ደላላ ተቆጥቶ ገባ። ስለ እሱ ሥራ የሚያወሩት ሁሉ አንድ ቀን ሠርተውት እንደማያውቁ ጻፈ። አንድ ቤት እስኪያከራይ ድረስ ለስንት ሰው ደረጃ እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ ቀጠሮ ይዞ የሚቀረውን ሰው ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ነዳጁንና የስልክ ሒሳቡን ከኪሱ እንደሚከፍል ዘረዘረ። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ግን ሌላ ነው። ቤቱን ካሳየው በኋላ ተከራዩ ዞሮ ለአከራዩ ይደውልና ሁለቱ እሱን ዘለው ይዋዋላሉ። ለዚህ ነው የማሳያ የሚጠይቀው። ኮሚሽን ሌብነት ከሆነ የእሱን ድካም በነፃ መውሰድስ ምን ይባላል የሚል ጥያቄም መለሰልን።

ቁጣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሠራ ሰው ሊከፈለው ይገባል፤ እኔ የጠየቅኩት ማን ይክፈል ነው እንጂ ይከፈል አይከፈል አላልኩም። ይህንኑ ጻፍኩለት። ወዲያው አልመለሰም።

8. ስምንተኛው መልስ ክሩን አከረረው። ጸሐፊው ሰባተኛውን ስም ጠርቶ ሰደበ፣ ደላላ ሁሉ አንድ ነው አለ። የደረሰበትን ሲተርክ ግን ምሬቱ ገባኝ። በኢንተርኔት ያየውን ቤት አንድ ሰው ደላላ ነኝ ብሎ ከውስጥ አሳየው፣ ቀብድ ተቀበለው። የመግቢያው ቀን ዕቃውን ጭኖ ሲደርስ ለዚያው ቤት ቀብድ የከፈሉ ሌሎች ሰዎች በሩ ላይ ቆመው አገኘ። ሰውየው ቤቱን ለጥቂት ቀናት ብቻ ተከራይቶ ነበር ሲያሳይ የከረመው። ስልኩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም። ስድቡን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አውጥቼዋለሁ፤ ታሪኩን ግን ሁሉም ሊያነበው ይገባል።

9. ይህችኛዋ ሁለቱንም አረጋጋች። ደላላና አጭበርባሪ ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን፣ አንዱን በሌላው ስም መክሰስ ለአጭበርባሪው መሸሸጊያ እንደሚሆን ተናገረች። ከዚያ ማጭበርበር ከሩቅ የሚታወቅባቸውን ነገሮች ጻፈች። ኪራዩ በአካባቢው ካለው በጣም የረከሰ ነው። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ቁልፉም ገንዘብ ሲላክ ይላካል። ቤቱ ሳይታይ ክፍያ ይጠየቃል፣ ያውም ተመልሶ ሊገኝ በማይችል መንገድ። ሌላ ሰው ሊወስደው ነው እየተባለ ይጣደፋል። የማስታወቂያውን ፎቶ በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ ላይ ማስገባት ብዙ ጊዜ ሌላ ከተማ ካለ ሌላ ቤት የተወሰደ መሆኑን ያጋልጣል።

ቀጥሎ የጻፈችው ከዚህም ይጠቅማል። ቤቱን ማየት ብቻ ማረጋገጫ አይደለም፤ የስምንተኛው መላሽ ታሪክ ይህንን ያሳያል። የሚያዋውለው ሰው ቤቱን የማከራየት መብት ያለው መሆኑ ነው መጣራት ያለበት። ባለቤት ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ይሁን። ወኪል ከሆነ ውክልናው እንዳልተሻረ፣ ማከራየትንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ የሚጨምር መሆኑ ይታይ፤ አንዳንዱ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው። እንደገና የሚያከራይ ተከራይ ከሆነ ደግሞ ከባለቤቱ የተጻፈ ፈቃድ ያሳይ። ጎረቤትንና የሕንፃውን ጥበቃ ማነጋገር ነፃ ነው፣ ብዙ ነገርም ይገልጣል።

10. አንድ ሰው የደቡብ ኮሪያን ነገር አመጣ። እዚያ ጆንሴ በሚባለው አሠራር ተከራይ ወርሃዊ ኪራይ በመክፈል ፋንታ ከቤቱ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚያህል መያዣ በአንድ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ውሉ ሲያልቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። አከራዩ ግን በባንክ ዕዳ ተይዞ ከሆነ የሚመለስ ነገር ላይኖር ይችላል። ጉዳቱ በዝቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ለተጎጂዎች ልዩ ሕግ እስከ መውጣት ደረሰ፤ በአንዳንዶቹ ጉዳዮች ደላሎችም ከአከራዮቹ ጋር ተከሰዋል። ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቤቱ ዕዳ እንዳለበት ከመዝገብ ማየትን ነው፤ ውል ሲፈረም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በሚከፈልበትም ዕለት፣ በመሀል አዲስ ዕዳ ሊመዘገብ ይችላልና።

11፣ 12 እና 13። ክሩ ከመንገዱ ወጣ። አንዷ ጥሩ ቤት አግኝታ ከላይ ያሉ ልጆች ሩጫ እንዳስለቀሳት ጻፈች። ሌላው ቤት በቀን አይቶ መዋዋል ትልቅ ስሕተት እንደሆነ፣ በማታም በጠዋትም መታየት እንዳለበት፣ ቧንቧው ሁሉም ሰው ውሃ በሚከፍትበት ሰዓት መከፈት እንዳለበት መከረ። ሦስተኛው ስለ ሊፍት ጥገና ብዙ ጻፈ፤ ጠቃሚ ቢሆንም ለሌላ ክር የሚሆን ነው።

14. ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት የጻፈችው መልስ ሁሉንም ወደ ቁም ነገሩ መለሰው። ኪራይ የመክፈል አቅም አላት፣ የሥራ ማስረጃም ታሳያለች። ደላላው ግን ልጆች እንዳሏት ሲሰማ ቤቱ ተይዟል ይላታል። በማግስቱ ያው ማስታወቂያ እዚያው አለ። አንዱ ደላላ ባል ከሌላት አከራዩ እንደማይፈልግ ፊት ለፊት ነገራት። ያንን አከራይ አይታው አታውቅም፤ ልታስረዳውም፣ ልትለምነውም፣ ልትሟገተውም አልቻለችም። ምሬቷ ከኮሚሽኑ ላይ አይደለም። በእሷና በቤቱ መሀል የቆመው ሰው ማን ይግባ ማን ይቅር የሚወስን ሆኖ፣ ሲጠየቅ ግን ውሳኔው የእሱ አለመሆኑን ይናገራል።

15. ሰባተኛው መላሽ፣ ደላላው፣ በዚህ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ድምፁም ተለውጧል። እናቲቱን እህቴ ብሎ አዘነላት። ከዚያ የሥራውን ነገር እንዳለ ተናገረ። አከራዩ ሲደውልለት ቤቱን ብቻ ሳይሆን የማይፈልጋቸውን ሰዎች ዓይነትም ይነግረዋል። ትእዛዙን ጥሶ ሰው ቢያመጣ ያ ቤት ብቻ ሳይሆን የአከራዩ ሌሎቹም ቤቶች ከእጁ ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ ሰውየውን ላለማሳፈር ቤቱ ተይዟል ማለት እንደሚቀለው አልደበቀም።

እኔ በመነሻዬ ላይ ያልኩትን ከዚህ በተሻለ ማንም ሊያስረዳው አይችልም። ይህ ሰው ክፉ አይደለም። ኮሚሽኑን የሚጠብቀው ከዚያች እናት ዓይነት ሰው ኪስ ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ግን ከአከራዩ ነው። በስንት አገር ሕግ በቤተሰብ ሁኔታ ሰውን ከቤት መከልከል ክልክል ነው፤ ክልከላው በደላላው አፍ ሲመጣና አከራዩ ሳይታይ ሲቀር ግን ማን ይከሰሳል?

16. ኢኮኖሚክስ ያጠና የሚመስል ወንድም ስቲቨን ሌቪትና ቻድ ሲቨርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጥናት አቀረበ። በአሜሪካ በርካታ የቤት ሽያጮችን አወዳድረው፣ የቤት አሻሻጮች የራሳቸውን ቤት ሲሸጡ ከደንበኛቸው ተመሳሳይ ቤት በ3.7 በመቶ ገደማ የሚበልጥ ዋጋ እንደሚያገኙ፣ ገበያ ላይም ወደ 10 ቀን ያህል አስረዝመው እንደሚያቆዩት አገኙ። ለራሱ ሲሆን ይታገሳል፣ ለደንበኛው ሲሆን ቶሎ ይዘጋል። እንግዲህ ደላላ ለከፈለውም ሰው እንኳ ሙሉ በሙሉ አይሠራም ብሎ የእኔን አቋም ከሥሩ ነቀነቀው። አከራይ ቢከፍል ደላላው ለአከራይ ይታመናል ማለትም አይቻልም፤ ለውሉ መፈረም ነው የሚታመነው።

17. ቀጣይዋ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም የሽያጭ እንጂ የኪራይ አለመሆኑን ቆጣ ባለ ቃል አስታወሰች። የሽያጩን 3.7 በመቶ አንስቶ ኪራይ ላይ መለጠፍ አይቻልም። ፍሬ ነገሩን ግን አልካደችም፤ ቶሎ የመዝጋት ፍላጎት በኪራይም አለ። ሁለቱ ጥቂት ተመላለሱ። ለእኔ ከሁለቱ ክርክር የወጣው፣ ከፋዩ ማን ይሁን የሚለው ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ መቼና በምን ሁኔታ ይከፈል የሚለውም አብሮ መነሳት አለበት።

18. ጃፓን የኖረ ሰው መሀከለኛ መንገድ አቀረበ። እዚያ ደላላ ከሁለቱ ወገን የሚቀበለው ተደምሮ ከአንድ ወር ኪራይና ከታክሱ እንዳይበልጥ ሕግ አለ። በመኖሪያ ቤት መነሻው ከእያንዳንዳቸው ግማሽ ወር ነው፣ ከዚያ በላይ ከአንዱ ለመውሰድ ፈቃዱ ያስፈልጋል። በተግባር ግን ተከራዩ ሙሉውን እንዲከፍል ተስማምቶ የሚፈርምበት ጊዜ ብዙ መሆኑን አልሸሸገም። ጣሪያ መኖሩ ጥሩ ነው። ግማሽ ግማሹን ግን አልወደድኩትም፤ አንድ ደላላ ለሁለት ጌታ ሲያድር ሁለቱም አይጠየቁለትም።

19. የሕግ ሙያ ያላት እህት ሁሉንም ሰብስባ ተግባራዊ አደረገችው። በእንግሊዝ ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ደላላ ተከራይን ኮሚሽን ማስከፈል እንደተከለከለ፣ መያዣውም በአብዛኛው ቤት ከአምስት ሳምንት ኪራይ እንዳይበልጥ፣ አከራዩም ገንዘቡን በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደ የመያዣ ጥበቃ ሥርዓት ውስጥ ማስገባት እንዳለበት፣ ይህን ካላደረገ እስከ መያዣው ሦስት እጥፍ ሊቀጣ እንደሚችል ጻፈች። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ እንደሚደነግግ አነሳች።

ሕግ ቢኖርም ባይኖርም የሚሠራ ነው ያለችው ግን ይህን ነው። ቤቱን ለማየት ከመሄድ በፊት ለደላላው አጭር የስልክ መልእክት መላክ። በመልእክቱ ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ የማሳያ ገንዘብ ካለ ከኮሚሽኑ ላይ እንደሚታሰብ፣ ክፍያው ውል ተፈርሞ ቁልፍ ሲሰጥ እንጂ ከዚያ በፊት እንደማይሆን፣ አከራዩ ሐሳቡን ከቀየረ የተከፈለው እንደሚመለስ፣ ውሉ ሲታደስ እንደገና ኮሚሽን እንደሌለ መጻፍና እሺታውን በጽሑፍ መቀበል። መልስ የማይሰጥ ደላላ በቃሉ ለመገኘት እንደማይፈልግ ያኔውኑ ይታወቃል። ያየናቸውን ቤቶች አድራሻ በዚያው መልእክት መመዝገብ ደግሞ ለደላላው የሚጠቅም ነው፤ ተከራዩ ዞሮ ከአከራዩ ጋር ቢዋዋል ማስረጃ አለው። ርክክብ ላይ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ አለመኖሩ፣ የግድግዳው፣ የወለሉና የዕቃው ፎቶ ከነቀኑ ይያዝ።

20. አከራይዋ እናት ተመልሰው ይህ ዓይነት መልእክት ለእሳቸውም እንዲደርሳቸው ጠየቁ። ደላላው ከተከራይ ስንት እንደሚቀበል እሳቸው አያውቁም። አንዴ ተከራያቸው የከፈለውን ሲነግራቸው ደንግጠው እንደነበር፣ ደላላው ከእሳቸውም ወስዶ ስለነበር እንደተጎዱ ጻፉ።

21. አንድ ወጣት አዲስ ነገር ጠየቀ። ኮሚሽን ከፍሎ ገባ፤ ከሁለት ወር በኋላ አከራዩ ቤቱን ለዘመድ እፈልገዋለሁ ብሎ አስለቀቀው። ደላላው ሥራዬ ማገናኘት ነበር፣ አገናኝቻለሁ አለው። ስምንተኛው መላሽ በቁጣ ሊመልስ ጀመረ፤ ዘጠነኛዋ ደላላው የአከራዩን ልብ ሊያውቅ እንደማይችል ተከራከረች። እኔ ደግሞ ውሉ ላይ የጊዜ ገደብ ከነበረ መጀመሪያ የሚጠየቀው አከራዩ መሆኑን ጻፍኩ።

22. የመጨረሻውን የጻፈው ደላላው ነው። የአሥራ ዘጠነኛዋን መልእክት ገልብጦ መጠቀም መጀመሩን ነገረን፤ በተለይ የታዩት ቤቶች ዝርዝር አስደስቶታል። ለወጣቱ ጥያቄ ደግሞ የራሱን ሐሳብ አቀረበ፤ ግማሹን ኮሚሽን ቁልፍ ሲሰጥ፣ ግማሹን ተከራዩ ሦስት ወር ከተቀመጠ በኋላ ቢቀበል ፈቃደኛ ነው። ግን አከራዩም በበኩሉ ተከራዩን ያለ ጊዜው ካስወጣ ያንን ግማሽ እሱ እንዲከፍል ይፈርም ይላል። አከራይዋ እናት ሦስት ወር ሳይሆን አንድ ወር ይሁን ብለዋል። እኔ ሦስቱን ወር እደግፋለሁ፤ የቧንቧው፣ የጎረቤቱና የአከራዩ እውነተኛ ጠባይ በአንድ ወር አይታወቅም። ክሩ አሁንም ክፍት ነው፣ በዚህ ላይ ተነጋገሩበት።